ጨዋታውን ንገሪኝ

ናጂሃ ትዳሯን ሙሉ እግር ኳስ ስትጠላ ኖራ፣ ፀጉሯ ሽበት ሲጀምረው በየእሑዱ ሜዳ የምትወርድ ሴት የሆነችው በባሏ በሰዓድ ምክንያት ነው።

ሰዓድ ፍኖተ ሰላም ገበያ ውስጥ በርበሬ ይነግዳል። ከቡሬ ዙሪያ ገበሬዎች ዛላውን እየገዛ ያመጣና በሱቁ በራፍ ላይ በማዳበሪያ ደርድሮ ይሸጣል። የአባቱም ሥራ ይኸው ነበር። የከተማው ሰው ግን በበርበሬው ሳይሆን በቡድኑ ነው የሚያውቀው። በላህ ወንዝ ስም የተጠራው ላህ ከነማ በክልሉ ሊግ የሚጫወት ትንሽ ቡድን ነው፤ አንድም ዓመት ዋንጫ በልቶ አያውቅም። ሰዓድ ለዚህ ቡድን የማይሆነው ነገር አልነበረም። በሜዳው ሲጫወት ሱቁን ይዘጋል፤ ከሜዳው ውጭ ሲጫወት ደግሞ ከተጫዋቾቹ ጋር አንድ መኪና ላይ ተሳፍሮ ዳንግላም ይሁን መራዊ ይሄዳል። ወጣቶቹ በየቪዲዮ ቤቱ የእንግሊዝ ቡድን እያዩ ሲጯጯሁ ሲሰማ፣ የሰው አገር ቡድን መውደድ የሰው ሚስት እንደ መመኘት ነው ይል ነበር።

ናጂሃ በዚህ እንደተበሳጨች ነው የኖረችው። ሠርግ ቢጠሩ፣ ለቅሶ ቢደረስ፣ ልጃቸው ሳቢራ ቢያማት፣ ቀኑ እሑድ ከሆነ ሰዓድ የለም። ሲመለስም ድምፁ ተዘግቶ፣ ልብሱ አቧራ ጠጥቶ ነው። ተሸንፈው ከሆነ እራት ሳይበላ ይተኛል። አንድ ጊዜ እናቷ ዘንድ ሄዳ፣ ባሌ ሌላ ሴት ይዞ ቢሆን ኖሮ ሴትዮዋን ፈልጌ እሰድባት ነበር፣ አሁን ማንን ልስደብ ብላ አማርራለች።

ከዚያ በሽታው መጣ።

የገበያ ቀን ነበር። ሰዓድ በርበሬ እየመዘነ ሳለ ሚዛኑ ላይ ተደፋ። ደም ግፊት እንዳለበት ከተነገረው ቆይቷል፤ መድኃኒቱን ግን ሲያሻው ይውጣል፣ ሲያሻው ይተዋል። ባሕር ዳር ሆስፒታል ከርሞ ሲመለስ ግራ እጁና ግራ እግሩ አልታዘዝ ብለውት ነበር። አፉ ወደ አንድ ወገን ተጣሟል፤ ንግግሩም ድንጋይ እንደሚጎትት ሰው ከብዶታል። ሳቢራ ባሕር ዳር ትዳር ይዛ ስለምትኖር፣ እዚያው እኔ ላስታመው ብላ ለምና ነበር። እሱ ግን ወደ ቤቴ መልሱኝ አለ።

እናም ናጂሃ ሱቁንም እሱንም ያዘች። ጠዋት አንስታ ታጥበዋለች፣ ታበላዋለች፤ ለጎረቤቷ ለእታለም አደራ ብላ ገበያ ትወርዳለች። ቀትር ላይ ተመልሳ ገልብጣ ታስተኛዋለች፤ ደግሞ ትወርዳለች። ሰዓድ ከወደቀ በኋላ ሰውነቱ አልቀነሰም። ከአልጋ ወደ ወንበር ባሻገረችው ቁጥር ወገቧ ውስጥ የሆነ ነገር የሚላቀቅ ይመስላታል። ሰው እንዴት ነሽ ሲላት አልሃምዱሊላህ ትላለች። ሌላ የምትለው የለም፤ ለማለትም ጊዜ የላትም።

ትንሽ ሲሻለው ሜዳ ውሰዱኝ አለ። ባጃጅ ተጠራ። አያ ዘሩ የሚባል የማንኩሳ ገበሬ፣ ሜዳ ላይ ከሰዓድ ጎን ተቀምጦ ዕድሜውን የጨረሰ ወዳጁ፣ በአንድ በኩል ያዘው፤ ናጂሃ በሌላው። ሜዳው የድንጋይ ደረጃ እንጂ መቀመጫ የለውም። እዚያ ላይ ደግፈው አስቀመጡት። ሰው እየመጣ ሰላም አለው፣ ተጫዋቾቹም ከሜዳ ሆነው እጅ ነሱት። የመጀመሪያው አጋማሽ ሳያልቅ ግን ሽንቱን መያዝ አቃተው። ከፊት የተቀመጡት ዞር ብለው አይተው፣ እንዳላዩ ሆነው ፊታቸውን መለሱ። ለሰዓድ ያ ባሰበት። ከዚያ ወዲያ ሜዳ ውሰዱኝ ብሎ አያውቅም።

በሳምንቱ ናጂሃን ጠራትና አንቺ ሂጂልኝ አላት።

በትክክል የሰማችው አልመሰላትም። ሄጄ ምን ልሠራ አለች። ታይና መጥተሽ ትነግሪኛለሽ አላት። ሬዲዮ የክልሉን ሊግ አያስተላልፍም፤ ኔትወርኩም ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይጠፋል። ከጓደኞችህ አንዱ አይመጣም ወይ ብትለው፣ የሚመጣ ሰው ጫማውን ሳያወልቅ ቆሞ አውርቶ ይሄዳል አለ። እሷ ግን የትም አትሄድም።

ሄደች። ደረጃው ላይ ቆሎ ከምታዞር ሴት በቀር ሴት የሚባል የለም። አንገቷን ደፍታ፣ የት እንደምትቀመጥ ስታጣ አያ ዘሩ አያት፤ ተነሥቶ ጋቢውን ድንጋዩ ላይ አነጠፈላት። ዘጠና ደቂቃውን ሙሉ መሬት መሬት ስታይ ቆየች።

ስትመለስ ሰዓድ ትራስ ተደግፎ ቀና ብሎ ይጠብቃት ነበር። ተሸነፉ አለችው። እንዴት ተሸነፉ አላት። አገቡባቸዋ አለች። ማን አገባ፣ በየት በኩል መጣ፣ ተከላካዮቹ የት ነበሩ ብሎ ጠየቀ። ናጂሃ አታውቅም። ያየችው ወንዶች ወዲያና ወዲህ ሲሮጡ ነው። ሰዓድ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ወጥ ቤት ገብታ ተቀምጣ አለቀሰች። ያስለቀሳት ኳሱ አልነበረም። እረፍቷን ሰጥታ፣ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ውላ፣ ባዶ እጇን የተመለሰች መስሎ ስለተሰማት ነው።

በሚቀጥለው እሑድ አያ ዘሩን ያስተምሩኝ አለችው።

አያ ዘሩ ነገርን በቀጥታ መናገር አይሆንለትም፤ የማይገባውን ሁሉ ወደ እርሻ ወስዶ ይፈታዋል። ኦፍሳይድ ምን እንደሆነ ብትጠይቀው፣ እህሉ ሳይታጨድ ቀድሞ አውድማ ላይ ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ነው አላት። ወዲያው ገባት። ተከላካይ አጥር ነው፤ አጥር ደግሞ አንድ ጭራሮ ከሳሳ በሬ የሚያስገባው በዚያው ነው። አማካይ ቀንበር ነው፤ እሱ ከተሰበረ በሬዎቹ ጎበዝ ቢሆኑም እርሻ የለም። ናጂሃ ይህን ይዛ ታይ ጀመር። በርበሬ ነጋዴ ናትና ዓይኗ ሰነፍ አይደለም፤ ከአንድ ማዳበሪያ ዛላ ውስጥ የሻገተውን ከሩቅ የምትለይ ሴት ናት። ውሎ አድሮ የትኛው ልጅ ኳስ ሲያጣ እንደሚያነክስ፣ የትኛው አሰልጣኙ ሲያየው ብቻ እንደሚሮጥ ለየች።

የእሑድ ከሰዓት በኋላቸው በዚህ ተያዘ። ከሜዳ ትመጣለች፣ ሰዓድን ታገላብጠዋለች፣ ልብሱን ትለውጥለታለች፣ አፉን እየጠረገች ታበላዋለች። ከዚያ አልጋው አጠገብ ካለው መቀመጫ፣ ዱካው ላይ ቁጭ ብላ ትጀምራለች። ሰዓድ ዓይኑን ይጨፍናል። ኳስ በቀኝ በኩል ሄደ ስትለው ደኅነኛው እግሩ ብርድ ልብሱ ሥር ይንቀሳቀሳል። ያቋርጣታል፣ ወደ ኋላ ይመልሳታል። ማን ለማን እንደሰጠ ካልነገረችው አያልፍም። አንዳንድ ጊዜ ከሜዳው ይልቅ ይኼኛው ይደክማታል።

ብዙ ጊዜ የሚከራከሩት በበረኛው ነበር። እንዳለው ይባላል፤ ከሊበን የመጣ፣ ረጅም፣ ዝምተኛ ልጅ ነው። ሰዓድ ጤነኛ በነበረበት ጊዜ ከደረጃው ላይ ቆሞ እንደ እሱ የሰደበው ተጫዋች የለም። ኳስ ሲመጣበት ዓይኑን ይጨፍናል ይላል። ናጂሃ ግን እንደማይጨፍን በዓይኗ አይታለች። ልጁ ኳስ በሩቅ ሲሆን ብቻውን ያወራል፤ የጎሉን ቋሚ እየነካካ ራሱን ያባብላል። አይጨፍንም አለችው ለሰዓድ፤ ይፈራል እንጂ አይጨፍንም። ሰዓድ በረኛና ፍርሃት አንድ ላይ አይሄዱም አለ።

አንድ እሑድ ናጂሃ ሜዳ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። ሰዓድ ሌሊቱን ሲያቃስት አድሮ ስለነበር እሷም አልተኛችም። ፀሐይዋ ሞቅ ስትል፣ ሁለተኛው አጋማሽ እንደተጀመረ፣ ራሷ ጉልበቷ ላይ ወደቀ። ስትነቃ ሰው እየወጣ ነው። አያ ዘሩ አልቀሰቀሳትም። ያለፈውን ሁሉ መንገድ መንገዱን ነገራት፤ እሷም ቤት ገብታ ራሷ እንዳየችው አድርጋ ለሰዓድ ነገረችው። አጥቂያቸው ክምር ላይ እንደሚወጣ ፍየል በተከላካዩ ትከሻ ላይ ወጥቶ በግንባሩ አገባ አለችው።

ሰዓድ ዓይኑን ገለጠ። ይኼ የዘሩ አፍ ነው አላት። አንቺስ የት ነበርሽ? ተኝቼ ነበር አለች። እንደሚቆጣ ጠብቃ ነበር፤ አልተቆጣም። በሚቀጥለው ሳምንት ቅሪና ተኚ ይለኛል ብላም በልቧ ጠብቃ ነበር፤ እሱንም አላለም።

ያ ዓመት ሊጉ በጸጥታ ችግር ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ እንደገና የተጀመረበት ነው። መንገዱ ዛሬ ቢከፈት ነገ ይዘጋል። ቡድኖች ሳይመጡ ይቀራሉ፣ ጨዋታዎች ይዛወራሉ። ከላህ ተጫዋቾች ግማሾቹ ወደየአገራቸው እንደሄዱ አልተመለሱም። ቡድኑ ስንት ጊዜ እንደተሸነፈ ናጂሃ መቁጠር ትታ ነበር፤ ለሰዓድ ግን እያንዳንዱን ሽንፈት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነግራዋለች። ሰኔ ሲገባ አንድ ጨዋታ ቀረ፤ ከቡሬው ቡድን ጋር፣ ቡሬ ላይ። አቻ ከወጡ ይተርፋሉ። ከተሸነፉ ይወርዳሉ። የወረደ ቡድን ደግሞ በዚህ ጊዜ ተመልሶ እንደማይቋቋም ሁሉም ያውቃል።

ሰዓድ አንቺም ሂጂ አላት። ናጂሃ አልፈለገችም። መንገዱን ፈርታለች፣ ወገቧ ታሟል፣ ክረምቱ ገብቷል። ሳቢራ ስልኩ በሠራበት ቀን ደውላ፣ አባዬ አሁንስ አበዛኸው፣ እማዬ ሰው አይደለችም ወይ አለችው። ሰዓድ ስልኩን ለናጂሃ መለሰላትና፣ ካልፈለግሽ ቅሪ አላት። እንዲህ ሲል ግን ድምፁ እንደ ልጅ ሆነባት። እታለምን ዋይልኝ ብላ ለመነች፤ ጠዋት ከደጋፊዎቹ ጋር ሚኒባስ ተሳፈረች።

መኪናው ኬላ ላይ ብዙ ቆመ። ወርደው መታወቂያ አሳዩ፤ ተፈተሹ፤ እንደገና ተሳፈሩ። ወጣቶቹ ሲነሡ የጀመሩት ዘፈን እዚያው ኬላው ላይ ቀረ። ማንኩሳ ላይ አያ ዘሩ ጋቢውን ራሱ ላይ ጠምጥሞ ይጠብቃቸው ነበር፤ ገብቶ ናጂሃ አጠገብ ተቀመጠ። ለምለሙ መስክ በመስኮቱ ያልፋል፤ የታረሰውም ያልታረሰውም አለ። አያ ዘሩ ያልታረሰውን እያየ፣ ዘንድሮ ኦፍሳይድ የሚቆምም አይኖር ብሎ ፈገግ ለማለት ሞከረ።

ቡሬ ሲደርሱ ሜዳው ሌሊት በጣለው ዝናብ ላቁጧል። ለላህ ደጋፊዎች አንድ ጥግ ተሰጣቸው። ከቡሬዎቹ ደጋፊዎች አንድ ሽማግሌ ናጂሃን አይተው፣ በዚህ ጭቃ ላይ እንዴት ትቀመጥ ብለው ፕላስቲክ ላኩላት። የቡሬ ወጣቶች ግን በአንድ ድምፅ ወረዱ ወረዱ እያሉ ይዘፍናሉ።

ጨዋታው ጨዋታ አልነበረም። ኳስ ጭቃው ላይ ይቀራል፣ ልጆቹ ይንሸራተታሉ፤ ማልያቸው ሁሉ ጭቃ ለብሶ አንድ ዓይነት ስለሆነ ማን የማን እንደሆነ መለየት ያስቸግራል። ናጂሃ ግን አንዱም እንዳያመልጣት አፍጥጣ ታያለች። ይኼ ሁሉ እንደሚጠየቅ ታውቃለች። ሁለተኛው አጋማሽ ላይ ዝናቡ ጀመረ። ላሆች ሁሉም ወደ ኋላ ተሰብስበው ይከላከላሉ። እንዳለው ያን ቀን ብዙ አዳነ። አንዴ በግራ በኩል የመጣችውን በጣቱ ጫፍ ነክቶ አወጣት፤ አያ ዘሩ በዱላው መሬቱን መታ፤ ናጂሃም ሳታስበው ተነሥታ ቆመች።

ሊያልቅ ሲል ለቡሬዎች ከሩቅ ቅጣት ምት ተሰጠ። ጠንካራ ምት አልነበረም። ኳሷ ጭቃውን እየነካች መጣች፤ እንዳለው በጉልበቱ ተንበርክኮ ተቀበላት። ይዟታል ብለው ሁሉም ተነፈሱ። ኳሷ ግን ከእጁ ሾልካ በእግሮቹ መካከል አለፈች። መረቡ ድረስ እንኳ አልደረሰችም፤ መስመሩን አልፋ ውሃ ውስጥ ቆመች።

ወዲያው ፊሽካ ተነፋ። ቡሬዎች ሜዳውን ሞሉት። የላህ ልጆች አንገታቸውን ደፍተው አንድ በአንድ ወጡ። እንዳለው ቋሚውን ተደግፎ ጭቃው ላይ ተቀምጦ ቀረ። ጓደኞቹ አላዩትም፣ ወይም ማየት አልፈለጉም። ናጂሃ ከጥጉ ሆና አየችው። ሄጄ ላንሳው የሚል ሐሳብ መጣባት። ሜዳው ግን ሰፊ ነው፣ ጭቃ ነው። ሾፌሩ መንገድ ሳይዘጋብን እያለ ጥሩንባውን ይነፋል። ሄደች።

ሲመለሱ፣ ማንኩሳ ሊደርሱ ሲሉ አያ ዘሩ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ።

"አቻ ወጡ ብትይውስ?" አላት። "ለታማሚ የሚነገር ነገር አለ፣ የማይነገር ነገር አለ። ነገ ሲበረታ እውነቱን ይሰማል።"

ናጂሃ አሰበችበት። አቻ ወጡ ካለችው፣ ማን እንዴት እንዳዳነ፣ መጨረሻ ላይ ምን እንደሆነ ይጠይቃታል። የሌለ ጨዋታ ፈጥራ መናገር ይኖርባታል። "አያ ዘሩ፣ ለመዋሸትም እኮ ጉልበት ይፈልጋል" አለችው። አያ ዘሩ ራሱን ነቀነቀና ወረደ።

ፍኖተ ሰላም መግቢያ ላይ መኪና አያልፍም ስለተባለ ቀሪውን በእግሯ ሄደች። ጫማዋ ውሃ ይዞ ይጮኻል። ለመግሪብ ጥቂት ሲቀር ቤት ደረሰች። እታለም በሩ ላይ ጠበቀቻት። ከቡሬ በሞተር የመጡ ልጆች መንገድ ላይ ሲያወሩ ሰምቷል አለቻት በሹክሹክታ፤ ከዚያ ወዲህ ምንም አልቀመሰም።

ሰዓድ እንደወትሮው ትራስ ተደግፎ ቀና ብሎ ነበር።

"ሰምተሃላ" አለችው።

"ውጤቱን ሰምቻለሁ" አለ። ቃላቱን አንድ በአንድ ነው የሚያወጣቸው። "ጨዋታውን አልሰማሁም። ንገሪኝ።"

ናጂሃ ዱካው ላይ ተቀመጠች። ከመጀመሪያው ልትጀምር አፏን ከፈተች፤ ጭቃው፣ ዝናቡ፣ ማን ለማን እንደሰጠ፣ ሁሉም በዓይኗ ላይ አለ። አልወጣ አላት።

"ደክሞኛል ሰዓድ" አለች። "ዛሬ አልችልም።"

እንዲህ ብላው አታውቅም። ሰዓድ አያት። ውሃ የጠገበውን ጫማዋን፣ ቀሚሷ ጫፍ ላይ የደረቀውን ጭቃ አየ። ፊቱን ወደ ግድግዳው አላዞረም።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" አላት።

"ምኑ?"

"የደከመሽ።"

ልትዋሸው አልፈለገችም። "አንተ የወደቅህ ለት" አለች።

እሷ ተነሥታ ታጠበች፣ ተቀምጣ ሰገደች፤ ቆማ ለመስገድ ጉልበቷ አልሆነላትም። ስትጨርስ እታለም ሁለቱንም አበላቻቸው። ሰዓድ ያን ማታ ገልብጪኝ ብሎ አልጠራትም። ወዙ ግንባሩ ላይ እስኪወጣ በደኅነኛው ክንዱ ፍራሹን ይዞ ራሱን ለማዞር ሲታገል ሰማችው፤ ግማሽ ያህል ተሳካለትና እንደዚያው ሆኖ ተኛ።

በነጋታው ዝናቡ ስለከፋ ገበያ አልወረደችም። ቤት ሆና ዛላ ስትለቅም፣ ሳይጠይቃት ጨዋታውን ጀመረችለት። በአንድ ጊዜ አልጨረሰችውም። ትንሽ ታወራና ወደ ሥራዋ ትመለሳለች፤ ከሰዓት ትቀጥላለች። ሰዓድም አላቋረጣትም። ኳሷ ውሃ ውስጥ ቆመች ስትለው ትንፋሹን ለቀቀ። ልጁ ጭቃ ላይ ተቀምጦ ቀረ ስትለው ግን ዓይኑን ገለጠ።

"ማን አነሣው?" አላት።

"አላየሁም። መኪናው ጠራንና ሄድን።"

"ማንም አላነሣውም?"

"እኔም አላነሣሁትም" አለች።

ሰዓድ ጥሪልኝ አላት። ማንን ብትለው፣ ልጁን፣ እንዳለውን አለ። እሑድ ምሳ እዚህ ይብላ።

እንዳለው አልመጣም ብሎ ነበር። ናጂሃ የተከራየበት ቤት ድረስ ሁለተኛ ጊዜ ሄዳ፣ የምትሰደብ መስሎህ ከሆነ አትሰደብም አለችው። ቡድኑ ከወረደ ወዲህ ቀን ከቤት እንደማይወጣ አከራዩ ነግሯት ነበር፤ ገበያ ላይ አንዳንድ ሰው ስለ ኳሷ ይጠይቀዋል አሉ። እሑድ መጣ። የሰኔ ጾም ስለሆነ ሥጋው ጥያቄ አልሆነም፤ ናጂሃ ሽሮና ድንች አቀረበች። እንዳለው በሩ አጠገብ፣ ከወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። በቅርብ ስታየው ከሜዳው ላይ ይልቅ ልጅ ነው።

"ጋሽ ሰዓድ" አለ፣ እንጀራውን ሳይነካ። "ያቺ ኳስ..."

"ኳሷን ናጂሃ ነግራኛለች" አለ ሰዓድ። "ከዚያ በፊት ያዳንካቸውንም ነግራኛለች። አሁን ብላ።"

እንዳለው በላ። መጀመሪያ በጣቱ ጫፍ ነበር፤ እየቆየ ተርቦ እንደነበር ታወቀበት። ሰዓድ ስለ ሌላ ስለ ሌላ ጠየቀው፤ ሊበን ስላሉት ወላጆቹ፣ ዝናቡ እዚያ እንዴት እንደያዘ። እንዳለው ወደ ሊበን እንደማይመለስ ተናገረ። እህቱና ባሏ ቆጋ መስኖ ላይ ሽንኩርት ያለማሉ፤ እነሱ ዘንድ ሊሄድ ነው። ለሚቀጥለው ዓመት ቡድኑ ይመዘገብ እንደሆን ሰዓድ ጠየቀው። እንዳለው ማልያዎቹ ተሰብስበው እንደተቆለፈባቸው፣ አሰልጣኙም እንደሄደ ነገረው። ሰዓድ አንገቱን ደፍቶ ሰማና እሺ አለ። ስለ ቡድኑ ሌላ አልጠየቀም።

ከምሳ በኋላ ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ወጣች። ሰዓድ ደጅ መቀመጥ ያምረኛል አለ። ናጂሃ ልትነሣ ስትል እንዳለው ቀደማት። አንድ እጁን ከሰዓድ ጀርባ፣ አንዱን ከጉልበቱ ሥር አስገብቶ አነሣው፤ በሩን ጎንበስ ብሎ አልፎ ግቢው ውስጥ ወንበር ላይ አስቀመጠው። ናጂሃ ብርድ ልብሱን ይዛ ከኋላ ተከተለች። ሁለቱ ወንዶች ደጅ ሲያወሩ እሷ የምሳውን ዕቃ አጠበች። ሰዓድ ቀስ እያለ፣ እየተደናቀፈ፣ ስለ አንድ የድሮ በረኛ ሲያወራ ይሰማታል። እንዳለውም አልፎ አልፎ ይጠይቃል። የሚሉትን ለመስማት አልሞከረችም።

ልጁ ሲሄድ እስከ ግቢው በር ሸኘችው። ለእህቱ የሚሆን ድልህ በላስቲክ ቋጥራ ሰጠችው። ቋጠሮውን በሁለት እጁ ተቀብሎ፣ እትዬ ናጂሃ፣ ለጋሽ ሰዓድ ደኅና ሁኑ በይልኝ አላት፤ እሱን ሲሰናበት ቃሉ ጠፍቶበት ነበር። እላለሁ አለችው። በሩን ዘግታ ስትመለስ ሰዓድ ፀሐዩ ፊቱ ላይ በርትቶበት ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። ተኝቷል ብላ አይታ ልታልፍ ስትል፣ ጥላ ውስጥ አድርጊኝ አላት። ወንበሩን ከነሰውዬው ወደ ግድግዳው ጥላ ጎተተችው፤ ግማሽ መንገድ ላይ አረፈች፤ እንደገና ጎተተችው።